ስለ ኮረሪማ፤ እሸቱና ደረቁ በምን እንደሚለያዩ

ከጂማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሸቤ በቡና የታወቀች አገር ናት። ነገር ግን በዚያ አገር ቡናው በሚያድግበት ጥላ ሥር ሌላም ሀብት ይበቅላል፤ ይኸውም በአማርኛ ኮረሪማ፥ በኦሮምኛ ኦጊዮ የሚባለው ቅመም ነው። በየቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ የሚነገር አዲስ ነገር ያለ አይመስልም። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ገበሬው የድካሙን ዋጋ የሚያጣው፥ የቤት እመቤትም ገዝታ መዓዛውን የማታገኘው፥ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በሚደረግበት አያያዝ ምክንያት ነው። ስለዚህ እሸቱ ከደረቁ በምን እንደሚለይና አደራረቁም እንዴት እንደ ሆነ ለየወረዳውና ለየቀበሌው ሹሞች ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ኮረሪማ ከዝንጅብልና ከእርድ ወገን ነው። ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ፍሬውም የሚወጣው ከቅጠሉ መካከል ሳይሆን ከመሬት አጠገብ፥ ከሥሩ ነው። ሲበስል ይቀላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በቅርፊቱ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ዘሮች በጣፋጭ ሥጋ ተሸፍነው ይገኛሉ። የትውልድ አገሩ የራሳችን የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1848 ብራውን የተባለ የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ በሳይንስ ስም ሲመዘግበው፥ ኮረሪማ የሚለውን ያገራችንን ስም ሳይለውጥ ወሰደው፤ በ1981ም ያንሰን የተባለ የሆላንድ ሊቅ አፍራሞሙም ከሚባለው ወገን ሲያገባው ያንኑ ስም አጸና። ስለዚህ ኮረሪማ ከውጭ አገር ከሚመጣው ከሄል ጋራ ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም።

ንግዱም የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ነጋዴዎች ከጂማና ከእናርያ ወገን ቡናና ዝባድ፥ ኮረሪማም እየጫኑ ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ወዳለው ወደ ባሶ ገበያ ይወጡ ነበር፤ ከዚያም እስከ ምጽዋ ወደብ ይወርድ ነበር። ያን ያህል መንገድ ሄዶ ሳይበላሽ የሚሸጠው በሚገባ የደረቀ ስለ ሆነ ብቻ ነው። ፍሬውን በስቶ በክር የመሰካት ልማድም ነፋስ እንዲያገኘው፥ ለመስቀልና ለመሸከምም እንዲመች ያደረገ የአባቶች ጥበብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቅመም ሁሉ በመድረቁ እኩል አይጠቀምም፤ እኩልም አይጎዳም። ጤና አዳምን የተመለከተ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለቡና የሚፈለገው እርጥቡ ቅጠል ሲሆን፥ ለበርበሬ የሚገባው ግን የደረቀው ፍሬ ነው። በሜድትራኒያን ባሕር ዙሪያ ያሉ ሕዝቦች በሾርባና በወጥ የሚጨምሩት ሎሬል የሚባለው የዛፍ ቅጠል ደግሞ እርጥቡ ምሬት አለበት፤ ሲደርቅ ምሬቱ ይለዝባል፥ መዓዛው ግን ይቀራል። ምክንያቱም ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ ዘይቱን አጥብቆ ይይዛል። ቅጠላቸው ስስ የሆኑት ግን ውሃቸው ሲወጣ መዓዛቸውም ይከተለዋል።

ኮረሪማ በዚህ ነገር ሎሬልን ይመስላል። መዓዛውን የሚሰጠው በዘሩ ውስጥ ያለው በቀላሉ ወደ አየር የሚበርር ዘይት ነው። ከዚህ ዘይት ብዙውን ክፍል የሚይዘው ሲኒዮል የተባለው ነገር ሲሆን፥ እርሱም በሎሬል ቅጠል፥ በነጭ ባሕር ዛፍም ቅጠል ይገኛል። ሎሬልን የቅጠሉ ውፍረት እንደሚጠብቀው ኮረሪማን የሚጠብቀው ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ሳይከፈት የደረቀ ፍሬ መዓዛውን ለብዙ ወራት ይዞ ይቆያል፤ ተፈልፍሎ የተቀመጠ ዘር ፈጥኖ ይደክማል፤ የተፈጨው ግን ከሁሉ ይልቅ ቶሎ ባዶ ይሆናል።

በወጥ ቤትም ልዩነቱ እንዲህ ነው። እሸቱ ዘር በጣፋጭ ሥጋው የተሸፈነ ስለ ሆነ በሙቀጫ ሲወቀጥ ይጣበቃል እንጂ አይደቅም። በበርበሬ፥ በሚጥሚጣ ወይም በሽሮ ቢገባ እርጥበቱን ወደ ሌላው ያስተላልፋል፤ አንድ ጭብጥ እሸት የዓመት በርበሬ ሊያሻግት ይችላል። ቅቤ ሲነጠርም እሸት ቢጨመር ውሃው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ማቆየት ግድ ነው፤ ያለዚያ ቅቤው አይበረክትም። የደረቀው ግን ቅርፊቱ ተከፍቶ፥ ስሱ ልባስ ተለይቶ፥ ዘሩ በለሰለሰ እሳት ጥቂት ታምሶ ቢወቀጥ በሚገባ ይደቅቃል። መዓዛው ከእንፋሎት ጋራ ስለሚበርር ከመጀመሪያው ከሽንኩርቱ ጋራ ማብሰል አባካኝነት ነው። እናቶቻችን ኮረሪማ ያለበትን መከለሻ ወጡ ሊወጣ ሲል የሚጨምሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ለምግብ የሚሻለው ደረቁ ከሆነ፥ የገበሬው ሀብት በአደራረቁ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ነው። የጂማ አገር ደመናውና ዝናሙ ብዙ ስለ ሆነ ሥራው ትጋት ይጠይቃል። ስለዚህ ሹሞች ለገበሬዎች የሚከተለውን ያስረዱ።

1ኛ፤ ፍሬው ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይበስል የቀላውን ብቻ እየመረጡ በየጊዜው መልቀም ይገባል። ሌባ ይወስድብኛል ወይም ዝንጀሮ ይቀድመኛል ተብሎ ሳይበስል የተለቀመው ሲደርቅ ይጨማደዳል፥ መዓዛውም ደካማ ነው።

2ኛ፤ በባዶ መሬትና በአስፋልት ላይ ማስጣት አይገባም። አፈርና የእንስሳት ፋንድያ ይነካዋል። ለቡና ማድረቂያ የተሠራው አልጋ ለኮረሪማም ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ በአንድ አልጋ ላይ ማስጣት ክልክል ይሁን።

3ኛ፤ በስሱ ተሰጥቶ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጥ፤ ዝናም ሲመጣና ማታ ጤዛ ሳይወርድ ይሸፈን። ከምድጃ በላይ በቆጥ ላይ የደረቀ ፍሬ ጢስ ጢስ ስለሚል ገዢ ይሸሸዋል።

4ኛ፤ መድረቁን ለማወቅ ፍሬውን ወደ ጆሮ አቅርቦ መነቅነቅ ነው፤ ዘሩ ከቅርፊቱ ለቆ ሲንኳኳ ይሰማል። ዘሩም በጥርስ ሲነከስ ይሰበራል እንጂ አይላቆጥም። በመሣሪያ የሚለካ ቢኖር፥ ለሚከማች ቅመም የሚፈለገው እርጥበት ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ ነው።

5ኛ፤ በሚገባ ያልደረቀ ፍሬ በላስቲክ ከረጢት አይታሰር። በውስጡ ሻጋታ ይበቅላል፤ ከሻጋታም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በማብሰል አይጠፋም።

6ኛ፤ ኮረሪማና ቡና በአንድ ጎተራ አይቀመጡ። ቡና የአጠገቡን ሽታ ሁሉ የሚስብ ስለ ሆነ፥ በጥቂት ኮረሪማ ምክንያት የብዙ ኩንታል ቡና ጣዕም ሊበላሽ ይችላል።

ስለ ገበያውም አንድ ቃል እንጨምር። እርጥብ ፍሬ በሚዛን ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሰው ግማሽ አድርቆ መሸጥን ትርፍ ያደርገዋል። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ለሁሉም ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ በመጨረሻ የሚጎዳው በሚገባ ያደረቀው ገበሬ ነው። በገበያ ቀን ደረቁ ከእርጥቡ ተለይቶ ቢመዘን፥ ዋጋውም በየወገኑ ቢነገር፥ ከብዙ ምክር ይልቅ ገበሬውን ያስተምረዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስተዋል የሚገባው የደኑ ነገር ነው። ኮረሪማ ጥላ ወዳድ ነው፤ ዛፉ በተቆረጠበት ሜዳ ላይ አይጸናም። ከተተከለም በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ጥቂት ዓመታት መጠበቅ አለ። ስለዚህ ደኑን ሳይቆርጥ ከሥሩ የሚለቅም ገበሬ ጥቅም ካላገኘበት፥ መጥረቢያ እንዲያነሣ የሚያደርገው ችግር ይመጣበታል። በሸቤና በዙሪያዋ ያላችሁ ሹሞች ገበሬው ቀይ ፍሬ እንዲለቅም፥ አድርቆም በተገቢው ዋጋ እንዲሸጥ ብትረዱት፥ የቤቱን ገቢና ቡናው የሚያድግበትን ጥላ አብራችሁ ትጠብቃላችሁ።