ጨርቁ ርካሽ፣ ክፍሉ ውድ፤ አረንጓዴ መጋረጃ ለመካነ ሰላም ፎቶ ቤቶች

ፎቶ ቤትና መጋረጃ በአገራችን አብረው የኖሩ ናቸው። ደንበኛው ሐይቅ ወይም አበባ በተሳለበት ሸራ ፊት ቆሞ ይነሣል፤ ምስሉም ለወዳጅ ዘመድ ይላካል። ዛሬ የሸራውን ቦታ ምንም ያልተሳለበት አረንጓዴ ጨርቅ እየወሰደው ነው። ሥዕሉ በኋላ በኮምፒዩተር ስለሚገባ፣ መካነ ሰላም ላይ የተቀረጸ ሰው በመቅደላ አምባ አፋፍ፣ በአባይ ሸለቆ ጫፍ ወይም በዱባይ ፎቆች መካከል ቆሞ ሊታይ ይችላል።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ያዋጣል? ገበያው አለ ለማለት የሚያስደፍር ምክንያት አይጠፋም። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ነች። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ከቱሉ አውሊያ ሌላ በዚህችው ከተማ ካምፓስ አለው። ሠርግና ምረቃ በየዓመቱ የሚመላለሱ ናቸው። ከዚህም በላይ አካባቢው ወሎ ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። የባህል ዘፈን ክሊፕና የመንዙማ ቀረጻ የሚፈልግ ደንበኛ እዚህ እንግዳ አይሆንም።

ችግሩ ያለው ይህ ደንበኛ በሚፈልገው የምስል ዓይነት ላይ ነው። ዜና አንባቢ ከደረቱ በላይ ብትታይ ይበቃታል። ሙሽራዋ ግን ቀሚሷ እስከ ጫፉ፣ ተወዛዋዡም እስከ እግሩ ካልታየ የከፈሉበት ሥራ ጎደሎ ነው። ከእግር እስከ ራስ መቅረጽ ሲመጣ ሒሳቡ በእጥፍ ከመጨመርም ያልፋል፤ የሚጨምረው ደግሞ ካሜራውና ጨርቁ ላይ ሳይሆን ክፍሉና መብራቱ ላይ ነው። ብድር ወስዶ ውድ ካሜራ የገዛ፣ ክፍሉን ግን ሦስት በአራት የተከራየ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ሜትሩ ምን ይላል?

ሰው እጁን አንሥቶ ሲወዛወዝ 2.2 ሜትር ያህል ቁመት ይይዛል። ጥቂት ትርፍ ሲታከልበት ካሜራው 2.4 ሜትር ማየት አለበት። የተለመደው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በትልቁ፣ ማለትም 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ የካሜራ ሴንሰር ላይ ሲገጠም፣ ይህን ቁመት ለመሸፈን ካሜራው ከሰውየው ወደ 6 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ይህ ካሜራው እንደ ወትሮው አግድም ሲያዝ ነው። ካሜራው በጎኑ ቢቆምና ምስሉ ኮምፒዩተር ላይ ቢቃና ግን 3.3 ሜትር ይበቃል። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ የ2.6 ሜትር ኪራይ አዳነ ማለት ነው።

ከሰውየው እስከ መጋረጃው ደግሞ ቢያንስ 2 ሜትር ያስፈልጋል። ይህን ርቀት ለመቆጠብ የሚሞክር ብዙ ነው፤ ጉዳቱ ግን ድርብ ነው። የሰውየው ጥላ ጨርቁ ላይ ይወድቃል፤ ከጨርቁ ተንጸባርቆ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃንም አንገቱንና ትከሻውን ያለብሰዋል። ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ሲያጠፋ ከትከሻው ጫፍ አብሮ ይቆርጣል። ስለዚህ 3.3 እና 2 ሲደመሩ፣ ለቀራጩ መቆሚያ 70 ሳንቲ ሜትር ሲታከል፣ የክፍሉ ርዝመት ከ6 ሜትር ማነስ የለበትም። የመጋረጃው ቁመትም 3 ሜትር ይሁን፤ ኮርኒሱ ከዚያ በታች የሆነ ቤት ለዚህ ሥራ አይመችም። ከሰውየው ግራና ቀኝ የሚታየውን ግድግዳ ኤዲተሩ ቆርጦ ስለሚጥለው፣ አንድ ሰው ብቻ ሲቀረጽ 3 ሜትር ስፋት ይበቃል።

መብራት ለሁለት ይከፈል

የመጋረጃው መብራትና የሰውየው መብራት የተለያዩ መሆን አለባቸው። መጋረጃው የሚጠይቀው ድምቀት ሳይሆን እኩልነት ነው፤ ከሰውየው ፊት ጋር እኩል ወይም ጥቂት ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይበቃዋል። ኮምፒዩተሩ የሚያጠፋው አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ጨርቁ ከላይ ደምቆ ከታች ከጠቆረ፣ ለላይኛው የተስተካከለው ሥራ ከታች እግርን ያበላሻል።

አንድ ፓውዛ ከላይ ሰቅሎ 3 ሜትር ጨርቅ እኩል ማብራት የማይቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የብርሃን ኃይል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ ይወርዳል። ጫፉ አጠገብ ያለ መብራት ጫፉን ያቃጥለዋል፤ እግሩ ዘንድ ሲደርስ የለም። መፍትሔው ብርሃኑን እንደ መጋረጃው ቁመት ማስረዘም ነው። ከየሱቁ የሚገዙት 1.2 ሜትር ርዝመት ያላቸው የኤል.ኢ.ዲ. ዘንጎች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ ቢቆሙ 2.4 ሜትር ይሆናሉ። በየጎኑ አራት አራት ዘንግ፣ ከጨርቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ የግራው ወደ ቀኝ ጠርዝ የቀኙ ወደ ግራ ጠርዝ ቢዞር ብርሃኑ እኩል ይሰራጫል። የሁሉም ዘንጎች ቀለም አንድ ዓይነት ይሁን።

ርካሹ ዘንግ ለመጋረጃው ያገለግላል እንጂ ለፊት አይሆንም። የቆዳን ቀለም አሳምሮ የሚያሳይ ጥሩ መብራት ለሰውየው ይገዛ፤ አንድ ከፊት በጎን፣ አንድ ለስለስ ብሎ በሌላው ጎን፣ አንድም ከኋላ ከላይ ሆኖ ፀጉሩንና ትከሻውን የሚያጠራ። በኋላ የሚገባው ሥዕል ፀሐይዋን ከግራ የሚያሳይ ከሆነ ዋናው መብራትም ከግራ መምጣት አለበት፤ አለዚያ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ነገሩ ሐሰት መሆኑ ይታወቀዋል።

የብርሃኑን እኩልነት ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ባዶውን መጋረጃ በስልክ አንሥቶ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ወጥ የሆነ ግራጫ ከታየ ሥራው አልቋል፤ ዥንጉርጉር ከሆነ መብራቱ ይነቅነቅ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑም ካሜራው በሴኮንድ 25 ምስል፣ መዝጊያው 1/50 ላይ ቢደረግ ምስሉ አይርገበገብም።

ወለሉና ጭቃው

ሙሉ ሰውነት ሲቀረጽ ወለሉም መጋረጃ ነው። ጨርቁ ከግድግዳው ወርዶ ሳይታጠፍ፣ ክብ ሠርቶ ወደ ወለሉ መዘርጋት አለበት፤ ስለታም እጥፋት ጥቁር መስመር ይሆናል። ይሁን እንጂ በደጋው ክረምት ጭቃ ያልነካው ጫማ የለም፤ አንድ ቀን የተረገጠ ጨርቅ ለሁለተኛው ቀን አይበቃም። ስለዚህ ወለሉን በኮምፔንሳቶ ሸፍኖ ቀለም መቀባት ይሻላል። ሲደበዝዝም በብሩሽ ይታደሳል። የሚቀባው ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ዘይት ቀለም ስለሚያብለጨልጭ መብራቱን እንደ መስታወት ይመልሳል። ጨርቁም ቢሆን የማያብረቀርቅ፣ ወፈር ያለና የተተኮሰ ይሁን።

ልብሱ ይታይ

ገበያውን የሚያሳጣ ሌላው ነገር የደንበኛው ልብስ ነው። ነጠላ ስስ ነው፤ መጋረጃው በውስጡ ያልፋል፣ ኮምፒዩተሩም ነጠላውን እንደ ወንፊት ይበሳዋል። በሥራው ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጎ መደረብ ወይም በጋቢ መተካት ይረዳል። አረንጓዴ ጥለት፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ለመንዙማ የሚለበስ አረንጓዴ ጥምጣም ከመጋረጃው ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ለቡና ሥርዓት የተጎዘጎዘ ቄጠማም እንዲሁ። ለዚህ ሰማያዊ መጋረጃ በተጠባባቂነት መያዝ ብልህነት ነው።

በፊልሙ ዓለም ቀዳሚው ሰማያዊው ነበር። ላሪ በትለር እ.ኤ.አ. በ1940 ለወጣው «የባግዳድ ሌባ» ፊልም የተጠቀመበት ሰማያዊ ነው፤ ፔትሮ ቭላሆስም ዘዴውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1959 «ቤን ኸር» ላይ አውሎታል። አረንጓዴው የገነነው በዲጂታል ካሜራ ዘመን ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ ሴንሰሮች ላይ ከሚገኙት ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች ግማሹ አረንጓዴ ተቀባይ ናቸው። ሰማያዊው የበለጠ መብራት ይጠይቃል። ባንዲራ ለብሶ ለሚመጣ ደንበኛ ግን ሁለቱም ያሰጋሉ፤ አረንጓዴም ሰማያዊም አለበትና።

ቆጣሪው

ሰባት ባለ 800 ዋት የሃሎጅን ፓውዛ 5,600 ዋት ይፈጃል፤ በ220 ቮልት 25 አምፔር መሆኑ ነው። ክፍሉን ያግላል፣ ቮልቴጁ በወረደ ቁጥርም ብርሃኑ ይቀላል። ከላይ የተጠቀሱት ስምንት ዘንጎች በ18 ዋት ሒሳብ 144 ዋት፣ ሦስቱ የፊት መብራቶችም በመቶ መቶ ዋት 300 ዋት ናቸው። ድምሩ 444 ዋት፣ ከ2 አምፔር እምብዛም ያልበለጠ ነው። መብራት ቢጠፋ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ፣ እንዳይጎዳ እስከ ግማሹ ብቻ ቢጠቀሙበት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ያሠራል። ሙሽሮችን ያለ ሥራ ከመመለስ ያድናል።

እንግዲህ የወጪው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ ወለልና ጨርቅ፣ ካሜራ በመጨረሻ። 6 ሜትር ክፍል ያላገኘ ሰው ከወገብ በላይ የሚታይ ሥራ ብቻ ተቀብሎ በዋጋው ቢስማማ፣ ሙሉ ሰውነት ለሚፈልገውም ደጁን ቢያስመርጠው ይሻላል። የአባይ ሸለቆና የቦረና ሳይንት ደን እዚያው ናቸው፤ ለእነርሱ ኪራይም ቆጣሪም የለባቸውም። በትንሽ ክፍል ሙሉ ሰው እቀርጻለሁ ብሎ ቀብድ የሚቀበል ግን እግር የሌላት ሙሽራ ያስረክባል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከማስታወቂያ ቀድሞ ይደርሳል።