«ፋራ እንዳትይኝ ብዬ ነው!»

ለመሆኑ ሩዝ ከየት ይመጣል? ብዬ ብጠይቃችሁ «ከሱቅ!» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። እኔም እስከ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድረስ ሩዝ ከባሕር ማዶ በማዳበሪያ ታሽጎ የሚመጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሠርግ ቤት ካልሆነ ወይም ሆዴን ካላመመኝ በስተቀር በልቼውም አላውቅ።

ወደ ጨዋታዬ ልግባ። አንዲት የልብ ጓደኛ አለችኝ። ያኔ የሁለት ዓመት እጮኛ ነበራት። ልጁ ለባሽ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ቦሌን እንደ መዳፉ የሚያውቅ አራዳ ነው። «ከቤተሰቦችህ ጋር አስተዋውቀኝ» ስትለው ግን ምክንያት አያጣም። አባቱ ወረታ ከተማ ነጋዴ ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ወይ ታመዋል፣ ወይ መንገድ ሄደዋል... ልጅቷ «ሌላ ሚስት ቢኖረው ነው» እያለች ሌሊት ሌሊት እየደወለችልኝ ታለቅሳለች። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችው፦ «ወይ ትወስደኛለህ፣ ወይ ቀለበትህን ትወስዳለህ!»

ወሰዳት። እሷም እኔን ለድፍረት አስከተለችኝ።

ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ በሚኒባስ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዘን ወረታ ወረድን። ጓደኛዬ የነጋዴውን ቤት በዓይኗ ትፈልጋለች። ልጁ ግን ትንፍሽ ሳይል ከተማውን አልፎ በእግር መንገድ ይዞን ወጣ። የፎገራ ሜዳ እንዲህ ነው ለካ! ኮረብታ የለ፣ ገደል የለ፤ እስከ ጣና ድረስ ዝርግ ያለ ነው። የሩዙ አጨዳ ደርሶ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። አንድ አውድማ ላይ ቁምጣ የለበሱ ሽማግሌ በሬዎች እየነዱ ያበራያሉ። ልጁ ቆመ።

«አባቴ ናቸው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጓደኛዬ ምንም አልመለሰችም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እንጃ።

ቤት ስንደርስ እናቱ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ አቅርበው የእንግዳ እግር ሊያጥቡ ተንበረከኩ። ጓደኛዬ ደንግጣ እግሯን ሰበሰበች። «ምነው ልጀ፣ እጀ ይሻክርሻል እንዴ? አንች እኮ የኔ ልጅ ነሽ» አሏት። ልጅት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እግሯንም ሰጠች። እናንተ የከተማ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ቤት ብትሄዱ እግራችሁን አትንፈጉ። እምቢ ማለት ትሕትና ይመስለናል እንጂ ለእነሱ መናቅ ነው። ስትሄዱም ሽቶ ሳይሆን ቡናና ስኳር ያዙ። ካሜራችሁንም ሳትጠይቁ ሰው ላይ አትደግኑ፤ እኔ ደግኜ አፍሬያለሁ።

ማታ ነጭ እንጀራ በዶሮ ወጥ ቀረበልን። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ ነው። ትኩሱን ሲበሉት ይጣፍጣል፤ ካደረ ግን ይደርቃል። ጠላውም የሩዝ፣ አረቄውም የሩዝ! ጭዱን ደግሞ ከብቶቹ ይበሉታል።

አባትየው እሳት ዳር ጨዋታ ያውቃሉ። ቀድሞ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት መሬቱ ለእህል አይመችም ነበር አሉ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት ሩዙን አስሞከሩ። (ዛሬም «ኤክስ ጅግና» የሚባል የሩዝ ዘር አለ፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ተቋቁሟል።) «እኛ የወፍ ቀለብ ነው ብለን ሳቅንበት። ኋላ ግን ይህን ቆርቆሮ አለበሰኝ፣ ይህንንም ልጅ አስተማረልኝ» ብለው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። ልጁ ቀና አላለም።

በማግሥቱ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ማጭድ ይዞ ገባ። ወገኖቼ፣ ያንን ቦሌ የማውቀውን ልጅ አላገኘሁትም! ከወንድሞቹ ጋር እየተፎካከረ ያጭዳል፣ ይዘፍናል፣ ይስቃል። ጓደኛዬ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። በመጨረሻ ጠራችው።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ፋራ እንዳትይኝ ብዬ ነው።»

ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የዶርም ልጆች በአነጋገሩ እየሳቁ «ገጠሬ» ይሉት እንደነበር ነገራት። ከዚያ ወዲህ አገሩንም፣ አባቱንም መደበቅ ለመደ። እሷ የተናደደችው በገበሬነቱ አይደለም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስት አለህ እያልኩ ሳለቅስ የደበቅከው እኒህን ሰውዬ ነው?» አለችው። ግማሽ ቀን አኮረፈችው፤ እኔም አልገላገልኳቸውም፣ የእጁ ነው። ከሰዓት በኋላ ማጭድ ተቀብላ ገባች። ከሦስት ነዶ በላይ አልሄደችም፣ «ወገቤን!» ብላ ተዘረረች። መንደሩ ሁሉ ሳቀባት፤ እሱም ሳቀ፤ እሷም።

ጥር 2013 ተጋቡ። አባትየው በነጭ ጋቢ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ግን፣ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ጀምሮ፣ እንደዚያ ጊዜ ብድግ ብሎ መሄድ ቀርቷል። ኔትወርክ ሲገኝ በስልክ ይገናኛሉ። ባለፈው ሰሞን እቤቷ ሄጄ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋው ነበር። እናትየው ጤና ጠየቁ፣ ሩዙ እንዴት እንደያዘ ነገሩን፣ ከዚያ «አንች ልጀ፣ ያን እግርሽን መቸ ነው የማጥበው?» አሏት።