የጓዳ ዕውቀት ወደ መጻሕፍት ቤት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ሐይቅንና ውጫሌን አልፈን ስንሄድ ውርጌሳን እናገኛለን፤ ከዚያም ጥቂት እንደ ተጓዝን መርሳ እንደርሳለን። ይህ የሀብሩ አገር የማሽላና የጤፍ አገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንናገርለት ያሰብነው ግን እርሻው ሳይሆን፥ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ሞሰብ ላይ እስኪቀርብ ድረስ በጓዳ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህ ሥራ ዕውቀት ነውና፥ ዕውቀትም እንደ ሆነ በመጻሕፍት ቤት ሥፍራ ሊሰጠው ይገባል ብለን እናምናለን።

ብዙዎቻችን ባልትናን እንደ ልማድ እንጂ እንደ ትምህርት አንቈጥረውም። ነገር ግን የእንጀራን ነገር ብቻ እንመልከት። ሊጡ በእርሾ ከቦካ በኋላ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡም ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ይኸውም አብሲት የሚባለው ነው። አብሲቱ በርዶ ተመልሶ ከሊጡ ጋር ሲቀላቀል ሊጡ ኩፍ ይላል፤ እንጀራውም ዐይን ያወጣል፤ ልስላሴም ያገኛል። የማሽላ እንጀራ ቶሎ የሚደርቅና የሚሰባበር ስለ ሆነ፥ ባለሙያዋ እናት ከጤፍ ጋር ታደባልቀዋለች፤ ለአብሲቱም የበለጠ ትጠነቀቃለች። የዛሬው ሳይንስ የበሰለው ዱቄት ውሃን ይዞ እንደሚያቈይ ይነግረናል። እናቶቻችን ግን ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። በወሎ ገበሬ ዘንድ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዘር አለ። ገበሬው ይህን ዘር ከሌላው ማሽላ ጋር እያሰባጠረ ይዘራዋል፤ እሸቱ ሳይደርቅ ተጠብሶ ሲበላ ጣፋጭ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ግን ስለሚጨማደድና ምርቱም ስለሚያንስ፥ ምርትን ብቻ የሚያይ ሰው ሊንቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሲንግና አክስቴል ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ የማሽላ ዘሮችን መርምረው፥ ላይሲን የተባለውን ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር ከሌላው ማሽላ እጅግ አብልጠው መያዛቸውን ገለጡ። ተራው ማሽላ በዚህ ንጥረ ነገር ደካማ ነው። የአገራችን ማዕድ ግን የማሽላ እንጀራን ከሽምብራና ከባቄላ ሽሮ ጋር በማቅረብ ጉድለቱን ሲሞላ ኖሯል። እንግዲህ ስሙን «ወተት» ብሎ ያወጣለት ያልተማረ ነበር ለማለት ማን ይደፍራል?

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በቀላሉ የሚጠፋ ነው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም.፥ ሁለተኛም በ1977 ዓ.ም. በወሎ ላይ የወረደው ረኀብ ሰውን ብቻ አልፈጀም፤ የተራበው ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እንዲበላ አስገድዶታልና ዘርንም ጨረሰ። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘር ማዕከል ይመሩ በነበረበት ዘመን፥ የአገሩ ዘር በገበሬው እጅ ተጠብቆ እንዲኖር በወሎና በሸዋ ከገበሬዎች ጋር ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ስለዚህ ድካማቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ወልድያና እስከ መርሳ በደረሰ ጊዜም ብዙ ቤተሰብ ጎተራውንና ጓዳውን ጥሎ ተሰድዷል።

ዛሬ ደግሞ ድምፅ የሌለው ሌላ መጥፋት አለ። ከሀብሩና ከአካባቢው ብዙ ወጣት ሴቶች ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ የሰው ቤት ምግብ እየሠሩ ዓመታት ያሳልፋሉ። አያቲቱ በመንደር፥ የልጅ ልጇ በባዕድ አገር ስትሆን፥ ስልጆ እንዴት እንደሚጣል፥ ጠላ እንዴት እንደሚጠነሰስ ማን ለማን ያስተላልፋል? ልጂቱ ተመልሳ ስትመጣ አያቷን ባታገኝ ከማን ትማራለች? በመጻሕፍት ቤት የተቀመጠ ደብተር ቢኖር ግን ይጠብቃታል።

መጻሕፍትን ሰብስቦ መጠበቅ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው አውራ ጎዳና አጠገብ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ካቀኑት ጀምሮ የመጻሕፍት ማደሪያ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈው የእርሳቸው ወንጌል እስከ ዛሬ ይታወቃል፤ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝርም በውስጡ ይገኛል። አበው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የመጽሐፉን ስም ጭምር የጻፉት፥ ያልተመዘገበ ነገር በቀላሉ እንደሚጠፋ ስላወቁ ነው።

በሌላው ዓለምም የትናንሽ ከተሞች መጻሕፍት ቤቶች የምግብንና የገጠርን ኑሮ ቅርስ ለሕዝብ የሚያሳዩበትን ቀን ያዘጋጃሉ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍል በሪችመንድ ከተማ መጻሕፍት ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ዘር የማዋስ ሥራ ተጀምሯል፤ ሰው እንደ መጽሐፍ ዘር ወስዶ ይዘራል፤ አዝመራው ሲደርስ ከፍሬው ይመልሳል። ይህ ከእኛ አገር የዘር ብድር ልማድ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አንባቢ ያስተውል።

ስለዚህ እንደ ውርጌሳ ባለች ከተማ፥ የትምህርት ቤትም ሆነ የሕዝብ መጻሕፍት ቤት በዓመት አንድ ቀን «የባልትና ቀን» ቢያደርግ መልካም ነው። ጊዜው ማሽላ ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥ ወር ቢሆን፥ የነቢያት ጾም ስለሚገጥም ማዕዱ የጾም ይሆናል። ይህም ሌላ በረከት አለው። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ተዋልዶና ተጎራብቶ ይኖራል፤ የአንዱን እርድ ሌላው ባይበላም እንጀራውን፥ ንፍሮውን፥ ሽሮውንና ቡናውን አብሮ ይቀምሳል። እንግዲህ የጾም ማዕድ ለሁሉ የተከፈተ ማዕድ ነውና፥ ማንም ጎረቤት ከደጅ አይቀርም።

የሥራው ሥርዓት ከባድ አይደለም። አስቀድሞ ተማሪዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ አያቶቻቸውን እየጠየቁ ይጻፉ። እናቶች በእፍኝና በጣሳ የሚሰፍሩትን በሚዛን መዝነው ቍጥሩን ከጎኑ ያስፍሩ፤ እፍኝ እንደ እጁ ይለያያልና። በዕለቱ መጅና ወፍጮው፥ ሙቀጫና ዘነዘናው፥ ሰፌዱ፥ ምጣዱና አክንባሎው ከነስማቸው ይቀመጡ። ሞፈርና ቀንበሩም አይቅሩ፥ ወንዶች አባቶችም የሚያስተምሩት አላቸውና። የማሽላው ዘር በየዓይነቱ በጠርሙስ ተደርጎ ስሙና የተገኘበት ቀበሌ ይጻፍበት። በሀብሩ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ባለሙያ ጋብዞ ማስረዳት ይቻላል። በመጨረሻም የተማሪዎቹ ጽሑፍ ተጠርዞ ከመጻሕፍቱ ጋር ይደርደር።

ሁለት ነገር ግን እናሳስባለን። አንደኛው፥ እናቶች ለእንግዶች ምግብ አቅራቢዎች ብቻ እንዳይሆኑ ነው፤ በዚያ ቀን መምህራን እነርሱ ናቸውና ወንበሩ ለእነርሱ ይሁን፤ ፈቃዳቸውም ሲሆን ስማቸው በደብተሩ ራስ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው፥ ለመቅመስ ሲባል የመጨረሻው ዘር እንዳይነካ ነው። ዘሩ ለመሬት፥ የተረፈው ለማዕድ ይሁን።

ጌታችን ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈው እንዲሰበሰብ አዝዟል። ያን ቀን የተሰበሰበው እንጀራ ነበር። ዛሬ በየጓዳው የተረፈው ዕውቀት ደግሞ ሰብሳቢ ይፈልጋል፤ መሰብሰቢያውም ደብተርና እርሳስ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እናትዎ ወይም አያትዎ በሕይወት ካሉ፥ ከሚመጣው እሑድ ቅዳሴ በኋላ አጠገባቸው ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁና ይጻፉ።