ፍልስፍናና ከንድፉ የተዘለለው ሰው

ሰውን ከሌሎች ፍጥረታት የሚለየው ማሰብ መቻሉ ነው የሚለው እምነት ከጥንታውያን ግሪኮች ዘመን ጀምሮ የምዕራባውያን ፍልስፍና ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ሰውን የሚያከብር እንጂ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ይሁን እንጂ የሰው ክብር በማሰብ ችሎታው የሚመዘን ከሆነ፣ ችሎታው ያንሰዋል የተባለው ሰው ምን ሊሆን ነው? አርስቶትል «ፖለቲካ» በተሰኘው መጽሐፉ ሴት የማመዛዘን ኃይል ቢኖራትም ኃይሉ ሥልጣን የለውም ሲል ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ አካሉ ጎድሎ የተወለደ ሕፃን እንዳያድግ የሚከለክል ሕግ ይኑር ብሏል። ሴቲቱና ጉዳተኛው ሕፃን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ዝቅ መደረጋቸው እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም የተለኩት ፍጹም ነው ከተባለው ከነጻው ወንድ ጋር ነውና።

እንዲህ ያለው ፍርድ ለብዙ ዘመን ጸንቶ የቆየው መልስ ሊሰጡ የሚችሉት ሰዎች ወደ ጉባኤው እንዳይገቡ በሩ ስለተዘጋባቸው ጭምር ነው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 ሲሆን፣ ካምብሪጅ እስከ 1948 ዘግይቷል፤ እነዚህም ሆኑ የሚከተሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ዊተን ካልኪንስ በ1895 ለዶክትሬት የሚያበቃውን ፈተና በሐርቫርድ መምህራን ፊት በሚገባ ብታልፍም፣ ሴት በመሆኗ ብቻ ዩኒቨርሲቲው ማዕረጉን ከለከላት። ካልኪንስ በ1918 የአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃች፤ ዲግሪውን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አላገኘችም።

በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን ሚዛኑ ቶሎ አልተለወጠም። ጆን ሮልስ በ1971 ያሳተሙት ስለ ፍትሕ የሚያትት ታላቅ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ያቀርባል። ሰዎች ሀብታም ይሁኑ ድኻ፣ ብርቱ ይሁኑ ደካማ ሳያውቁ ተሰብስበው የጋራ መተዳደሪያ ቢያወጡ ምን ዓይነት መተዳደሪያ ያወጡ ነበር? ጥያቄው እጅግ ብልህ ነው፤ ስለ ፍትሕ የሚደረገውንም ክርክር ከሥር ከመሠረቱ አነቃንቆታል። ሆኖም ሮልስ ነገሩን ለማቅለል ሲሉ፣ ዜጋ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ለኅብረተሰቡ የድርሻውን ማበርከት የሚችል ነው ብለው ተነሡ። ከባድ ጉዳት ያለበትን ሰው ጉዳይ ለኋላ አቆዩት። ይህን ያደረጉት በክፋት አልነበረም። ነገር ግን ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ማደሪያ የሚፈለግለት ሰው ሲጀመርም በንድፉ ውስጥ ያልታሰበ ሰው ነው።

ይህን ክፍተት አጉልተው ካሳዩት አንዷ ኢቫ ፌደር ኪቴይ ናቸው። ኪቴይ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ካደረሱት ጭፍጨፋ ከተረፉ ወላጆች በ1946 በስዊድን ተወልደው፣ በኋላ በአሜሪካ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ፍልስፍና አስተማሩ። በ1969 የተወለደችው ልጃቸው ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት አለባት። አትናገርም፤ ለመብላትም ለመልበስም የሰው እጅ ያስፈልጋታል። ሙዚቃ ግን እጅግ ትወዳለች፤ ፍቅርም ትሰጣለች፣ ትቀበላለች። እናቲቱ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሯቸው መጻሕፍት ሰውን ሰው የሚያሰኘው አመዛዛኝነቱ ነው ይሉ ነበር፤ በቤታቸው ያለችውን ሰው ግን አያውቋትም።

ኪቴይ በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥያቄውን ገለበጡት። በሌላ ሰው ላይ መደገፍ የጥቂት ጉዳተኞች ዕጣ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሕፃን ነበር፣ ብዙው ሰው ይታመማል፣ የኖረም ያረጃል። ራሱን ችሎ ቆሟል የሚባለው ዜጋ ወደ ሸንጎ ለመምጣት ነጻ የሆነው፣ ሕፃኑን የምታጠባና በሽተኛውን የምታስታምም ሌላ ሰው በቤት ስለቀረች ነው። ይህችም ሰው በአብዛኛው ሴት ናት። ስለሆነም ስለ ሴቶች እኩልነት የሚደረገው ክርክርና ስለ ጉዳተኞች ክብር የሚደረገው ክርክር በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሥራው ካልተቆጠረ ሠሪዋም፣ የሚሠራላትም ሰው አይቆጠሩም።

ከዚህ ተነሥተው ኪቴይ «ዱሊያ» ያሉትን መርሕ አቀረቡ። ቃሉ በአማርኛ ጆሮ ከዱላ ጋር ቢቀራረብም ትርጉሙ ተቃራኒው ነው፤ የተወሰደው ወላድን የምትንከባከብ ሴት ከምትጠራበት፣ ምንጩ ግሪክኛ ከሆነ ቃል ነው። አራስን የምታርስ ሴት ሕፃኑን ከእናቱ እጅ አትነጥቅም። እናቱ ሕፃኑን እንድትንከባከብ እርሷ እናቱን ትንከባከባለች። በኪቴይ አስተሳሰብ ኅብረተሰብም እንዲሁ አስታማሚዎችን ሊያስታምም ይገባዋል።

ይህ ሐሳብ ከራሳቸው ከሴቶቹና ከጉዳተኞቹ ወገን ሳይቀር ተቃውሞ አልታጣበትም። በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው አኒታ ሲልቨርስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የፍልስፍና መምህርት፣ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ የእንክብካቤን ሥነ ምግባር በእኩልነት ቦታ መተካት አደገኛ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ሁልጊዜ የሚታዘንለት ሰው ሁልጊዜ ከአዛኙ በታች ነው። ለአካል ጉዳተኛ የሚያስፈልገው ርኅራኄ ሳይሆን የሚገባበት በር፣ የሚወጣበት ደረጃ የሌለው መንገድ ነው። ሲልቨርስ የተናገሩት ለራሱ መናገር ስለሚችል ጉዳተኛ ነው፤ ኪቴይ የተናገሩት ደግሞ መናገር ስለማትችል ልጅ ነው። አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ ሊሽር አይችልም።

ክርክሩ እጅግ የጋለው በሌላ በኩል ነበር። አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር የአንድ ፍጡር ሕይወት ክብደት የሚወሰነው በአእምሮ ችሎታው እንጂ ሰው በመሆኑ አይደለም ባይ ናቸው። በዚህም የተነሣ እጅግ ከባድ ጉዳት ይዞ የተወለደ ሕፃን ሕይወት እንዲያልፍ ወላጆች ከሐኪሞች ጋር ተመካክረው መወሰን ይፈቀድላቸው ብለዋል። በ2008 ኪቴይና ባልደረባቸው ሊሲያ ካርልሰን በኒው ዮርክ ስለ አእምሮ ጉዳትና ስለ ሥነ ምግባር ፍልስፍና ጉባኤ ሲጠሩ ሲንገርንም ጋበዙ። የሚያቆስሏትን ሰው ወደ ራሷ ጉባኤ የምትጠራ እናት ድፍረቷ ቀላል አይደለም።

ኪቴይ የሰጡት መልስ በ2010 ከጉባኤው ጽሑፎች ጋር ታትሟል። ልጃቸውን ከእንስሳ ጋር እያስተያዩ ብልጫዋን ማስረዳት ለእናት ምን ያህል እንደሚያም አልደበቁም፤ ነገር ግን በሕመማቸው ብቻ አልተከራከሩም። ፈላስፋ ለምሳሌ የሚጠቅሰውን ሰው በሚገባ ይወቅ፣ የማያውቀውንም እንደማያውቅ ይወቅ የሚሉ ሁለት ግዴታዎችን አነሡ። ማንኛውም ሰው፣ ችሎታው ምንም ይሁን ምን፣ የእናት ልጅ ነው የሚለውም ቀድሞ ያነሡት ሐሳብ የእኩልነታቸው መሠረት ነው። ኪቴይ በ2019 ከልጃቸው የተማሩትን የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ አሳተሙ። ሲንገር ግን አቋማቸውን አልለወጡም፤ ተማሪዎችም የሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን እያነበቡ ይከራከራሉ።