በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ፥ የባሩድ ዝቃጭና የሞራ ነገር በሕንድ አገር

የአንድ ሕዝብ የመብልና የንጽሕና ሥርዐት ከጦር መሣሪያ አሠራር ጋራ ምንም ግንኙነት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን በ1857 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወሮች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሕንድ አገር የተነሣው ዐመፅ ሁለቱ ነገሮች በአንዲት የወረቀት ቀለህ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ያሳያል። ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የባሩድን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥቁር ባሩድ ከመቶው 75 ያህል ፖታሲየም ናይትሬት፥ 15 ያህል ከሰል፥ 10 ያህል ድኝ የተቀላቀለበት ነው። ሲቃጠል ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከክብደቱ ከግማሽ ያነሰው ክፍል ብቻ ነው፤ የቀረው ጠጣር ጨውና ጥቀርሻ ይሆናል። ከዚህም ከፊሉ በጢስ መልክ ሲወጣ ሌላው በጠመንጃው ቧንቧ ውስጥ ይለጠፋል። ዝቃጩ የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን ያዝጋል፤ አየሩ ደረቅና ሞቃት ሲሆን ደግሞ እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። ስለዚህ ተኵሱ በተደጋገመ ቍጥር ቧንቧው እየጠበበ ይሄዳል።

ውስጡ ልሙጥ በሆነው ጠመንጃ ይህ ብዙ አያስቸግርም ነበር፤ አረሩ ከቧንቧው በጣም ያነሰ ስለ ሆነ ዝቃጭ ቢኖርም ይወርዳልና። ነገር ግን ሲወጣ እየተላተመ ስለሚሄድ ዒላማውን ይስታል። በውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸለት ጠመንጃ አረሩን እያሽከረከረ በቀጥታ ይሰደዋል፤ ለዚህ ግን አረሩ ቦዩን አጥብቆ መያዝ አለበት። እንግዲህ ችግሩ ይህ ነው፤ በቀላሉ የሚገባው አረር አይሽከረከርም፥ የሚሽከረከረውም በቀላሉ አይገባም።

ለዚህ ልዩ ልዩ መፍትሔ ተሞከረ። የሰሜን አሜሪካ አዳኞች ከቧንቧው ጥቂት ያነሰውን ድቡልቡል አረር ቅባት በነካው ጨርቅ ወይም ቆዳ ጠቅልለው ያጎርሱ ነበር፤ ጨርቁ ቦዩን ይይዛል፥ ቅባቱም ዝቃጩን ያለሰልሳል። እንግሊዞች በ1800 ዓ.ም. ለተቀበሉት ለቤከር ጠመንጃ በመጀመሪያ አረሩን ማስገቢያ የእንጨት መዶሻ እስከ ማደል ደርሰው ነበር። በ1849 ዓ.ም. የፈረንሳዩ መኰንን ሚኒዬ ሾጣጣና ሥሩ ጎድጓዳ የሆነ አረር አወጣ። ይህ አረር ሲጎርስ ከቧንቧው ያነሰ ነው፤ ባሩዱ ሲነድ ግን የጋዙ ኀይል ሥሩን አስፍቶ ከቦዩ ጋራ ያጣብቀዋል።

የእንግሊዝ ሠራዊት በ1853 ዓ.ም. ያወጣው የኤንፊልድ ጠመንጃ በዚህ ሐሳብ የተመሠረተ ነው። የቧንቧው ስፋት 14.66 ሚሊሜትር ሲሆን፥ የቀድሞው አረሩ 14.43 ሚሊሜትር ያህል ነበር። ክፍተቱ ከሩብ ሚሊሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ዝቃጩ ሲበዛ አረሩ ይያዛል። የአረሩ ጎን ልሙጥ በመሆኑም ቅባቱን የሚሸከመው የተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ስለዚህ አረሩ ያለበት የቀለሁ ጫፍ በሞራና በሰም ይነከር ነበር። ወታደሩም እንደ ልማዱ በባሩዱ በኩል ያለውን ጫፍ በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን ካፈሰሰ በኋላ፥ ቀለሁን ገልብጦ አረሩን ከነወረቀቱ ያጎርሳል።

በጥር 1857 ዓ.ም. በካልካታ አጠገብ በዱምዱም፥ ሞራው የላምና የአሳማ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ላም በሂንዱ ዘንድ ቅድስት፥ አሳማም በእስላም ዘንድ ርኩስ በመሆኑ ነገሩ ሁለቱንም ነካ። ሞራው ከየትኛው እንስሳ እንደሚወሰድም አስቀድሞ አልተወሰነም ነበር። ሹማምንቱ ወታደሮቹ በመረጡት ቅባት ራሳቸው እንዲቀቡ ፈቀዱ፤ ቀጥሎም ቀለሁ በጥርስ ፈንታ በእጅ እንዲቀደድ አዘዙ። መተማመን ግን ጠፍቶ ነበር። በሚያዝያ 24 ቀን በሜሩት ከ90 ፈረሰኞች 85ቱ ቀለሁን አንነካም አሉ፤ የቀረበላቸው ግን ቀድሞ ሲሠሩበት የኖሩት ዐይነት ነበር። በግንቦት 9 ቀን በጓደኞቻቸው ፊት በእግር ብረት ታሰሩ፤ በማግሥቱ ዐመፁ ፈነዳ።

ሞራው ብቻውን የዐመፁ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። በ1856 ዓ.ም. የአወድ መንግሥት ተወስዶ ነበር፤ በዚያው ዓመትም አዲስ ተቀጣሪ ወታደር ባሕር ተሻግሮ እንዲዘምት የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል፤ ይህም ባሕር መሻገር ያረክሳል ለሚሉት ሂንዱዎች ከባድ ነበር። ስለዚህ የሞራው ወሬ ያረፈው በቈየ ሥጋት ላይ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ሌላው ያረደውን በማይበላበት አገር ላለ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የተከለከለውን የቀመሰ ሰው ከወገኑ ይለያልና።

በኋላ አረሩ ወደ 13.97 ሚሊሜትር ዝቅ ተደረገ። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮም ኤንፊልዱ ከኋላ እንዲጎርስ ሆኖ ተለወጠ፤ አረርን በቈሸሸ ቧንቧ መጠቅጠቅም ቀረ። በሚያዝያ 10 ቀን 1868 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860) እንግሊዞች በእሮጌ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የወጉበት ይኸው የተለወጠው ጠመንጃ ነው፤ ስሙም በአማርኛ ሰናድር ተብሎ ቀርቷል።