የአርሲ ደጋ ሥነ ቃልና የደራሲነት መብት

ደራሲ በድርሰቱ ላይ ያለው መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተደንግጎ ነበር። ይህ ክፍል በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተተክቷል፤ አዋጁም በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፣ በቀረጻ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። የደራሲው የኢኮኖሚ መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል።

እነዚህ ሁለት መለኪያዎች በአሰላ ዙሪያና በጭላሎና በካካ ተራሮች ሥር ለሚኖረው የአርሲ ኦሮሞ ሥነ ቃል አይመቹም። ለዚህ አቴቴ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአርሲ ልጃገረድ ስትዳር ሲንቄ የሚባለውን በትር ከእናቷ ትቀበላለች። ዝናብ ሲጠፋ ወይም ባል ሚስቱን ሲበድል ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ ከአያቶች የወረደ ቢሆንም አቀንቃኟ እንደ ጉዳዩ ትጨምርበታለች። ስለዚህ የትኛው ስንኝ የማን እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል፤ ቃሉም በወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ችግሩ የሚገለጠው ቀራጩ በመጣ ጊዜ ነው። ድምፅ ቀርጾ ያዘጋጀ ሰው በቀረጻው ላይ የ50 ዓመት መብት ያገኛል። አቀንቃኟም በከዋኝነቷ መብት ስላላት ያለ ፈቃዷ ድምጿ ሊቀረጽ አይገባም፤ ሆኖም ይህ መብት የአከዋወኗ እንጂ የግጥሙ አይደለም። ግጥሙን በጋራ ጠብቆ ያቆየው ኅብረተሰብ ባለቤት አልተባለም። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ቀርጾ በኢንተርኔት ሊበትን ስለሚችል፣ ዜማው የአቀንቃኟንና የአገሯን ስም ጥሎ ይዞራል። ከዚህም የሚከፋው፣ በበዳይ ላይ የተገጠመው ግጥም ጉዳዩ በዕርቅ ካለቀ በኋላ ሳይጠፋ መቅረቱ ነው።

አዋጅ ቁጥር 482/1998 የኅብረተሰብን የጋራ መብት ቢያውቅም፣ የሚመለከተው ከጄኔቲክ ሀብት ጋር የተያያዘውን ዕውቀት እንጂ ዘፈንን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 ለታዳጊ አገሮች የተዘጋጀው የቱኒስ አርአያ ሕግ ግን የሕዝብን ሥነ ቃል ከግዙፍነት ግዴታ ነፃ አድርጎ፣ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠበቅ መንገድ አሳይቷል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጉድለት እስኪሞላ ድረስ ኀላፊነቱ የሚወድቀው በሥነ ቃል ሰብሳቢው ላይ ነው። ሰብሳቢው አስቀድሞ ፈቃድ ሊጠይቅ፣ የአቀንቃኟን ስም እርሷ ከወደደች ከቦታውና ከቀኑ ጋር ሊመዘግብ፣ የቀረጻውንም አንድ ቅጂ ለአገሩ ሰዎች ሊተው ይገባዋል። በመጽሐፉም ሽፋን ላይ ሰብሳቢ እንጂ ደራሲ ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም።