ሳጥን ስታዩ ለማጥፋት አትቸኩሉ

ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ እንደጫንኩ የሥራ ማመልከቻዬን ብከፍት አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቁጭ! የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደግሞ በማግስቱ ነበር። ፋይሉ ተበላሸ ብዬ ላጠፋው ስል፣ እስቲ ብዬ አንዱን መስመር ኮፒ አድርጌ በቴሌግራም ወደ ስልኬ ላክሁት፤ ቁልጭ ብሎ ተነበበ።

ለካ ጽሑፉ ደህና ነው። ፋይሉ የሚይዘው ዩኒኮድ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊደሎቻችን የሰጠውን ቁጥር ነው፤ መልካቸውን የሚስለው ፎንቱ ነው። ሊኑክስ ላይ ፎንት የሚፈልገው ፎንትኮንፊግ ፊደሉ ያለበት ፎንት ካጣ ሳጥን ይመጣል።

ተርሚናል ላይ በ«ኤፍሲ-ሊስት» ስፈትሽ አንድም የአማርኛ ፎንት የለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጄ ጫንኩ፣ በ«ኤፍሲ-ካሽ» የፎንቱን ዝርዝር አሳደስኩ፣ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩ። ማመልከቻዬ ተመለሰ። እናንተም ሳጥን ካያችሁ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ሞክሩት።